ሂት ፓምፕ ውሃ ማሞቂያ ለአዲስ አበባ ቤት፦ ከምርጫ እስከ ገጠማና ጥገና

በቤት ውስጥ ከምጣድ ጋር የሚፎካከር የመብራት ፍጆታ ካለ የቦይለሩ ነው። የተለመደው ቦይለር በሬዚስታንስ (መብራት ሲያልፍበት በሚግል ዘንግ) ስለሚሠራ 1 ኪሎዋት ሰዓት ወስዶ 1 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ይሰጣል፤ ከዚያ ሊያልፍ አይችልም። ሂት ፓምፕ ግን ሙቀቱን ከአየር ላይ ሰብስቦ በኮምፕሬሰር ኃይል ወደ ውሃው ያስገባል። ፍሪጅ ከውስጡ ያወጣውን ሙቀት በጀርባው እንደሚለቀው ማለት ነው፤ እዚህ የሚፈለገው ያ የጀርባው ሙቀት ነው። አየሩ 20 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን 1 ኪሎዋት ሰዓት መብራት ወደ 3 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ይሆናል።

የአዲስ አበባ አየር ለዚህ ሥራ በጣም የተመቸ ነው። በሌላ አገር ማሽኑን የሚያስቸግረው ከዜሮ በታች የሚወርድ ረጅም ብርድ እዚህ የለም። እዚህ የሚያስቸግሩት የመብራት መቆራረጥ፣ በፈረቃ የሚመጣ ውሃና የከተማዋ ከፍታ ናቸው። ከማሽኑ ጋር የሚመጣው ማኑዋል ስለነዚህ ብዙ አይልም፤ ገጠማዎች የሚበላሹትም እዚሁ ላይ ነው። ከዚህ በታች ያለው ግቢ ላላቸው ቤቶችም፣ ለፎቅ ቤቶችም ይሠራል።

1. ከመግዛትዎ በፊት ያስሉ

1 ሊትር ውሃ በ1 ዲግሪ ለማሞቅ 1.163 ዋት ሰዓት ያስፈልጋል። ከሮቶ የሚወርደው ውሃ 17 ዲግሪ፣ የሚፈለገው 55 ዲግሪ ቢሆን ልዩነቱ 38 ነው። ለ200 ሊትር፦ 200 በ38 በ1.163 ሲባዛ 8.8 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይመጣል። ታንኩ በቀን ውስጥ በግድግዳው የሚያባክነው 1.5 ኪሎዋት ሰዓት ሲጨመርበት 10.3 ይሆናል። በሬዚስታንስ ቦይለር ይህ ሁሉ ከቆጣሪ ይቆረጣል፤ በሂት ፓምፕ ግን 3.4 ያህል ብቻ። ልዩነቱ በቀን 7፣ በወር 210 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው።

የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን የሚጨምር መሆኑን አይርሱ። ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ይጨምራል። ስለዚህ የሚቆጥቡት 210 ኪሎዋት ሰዓት የሚቀነሰው ከላይኞቹ፣ ከውዶቹ እርከኖች ነው። ትርፉን ሲያሰሉ በአማካይ ዋጋ ሳይሆን ፍጆታዎ በሚደርስባቸው በእነዚህ የላይኛ እርከኖች ዋጋ ያስሉ።

አራትና ከዚያ በላይ ሰው ለሚኖርበት ቤት፣ ለፔንሲዮን፣ ለጸጉር ቤት እንመክረዋለን። ለብቻው ወይም ሁለት ሆኖ በኮንዶሚኒየም ለሚኖርና 50 ሊትር ቦይለር ለሚበቃው ሰው ግን አንመክርም፤ ያወጣውን ገንዘብ ለመመለስ ብዙ ዓመት ይወስድበታል።

2. መጠኑንና ዓይነቱን ይምረጡ

በቀን ለአንድ ሰው 40 ሊትር የ55 ዲግሪ ውሃ ይያዙ። ለ3 ሰው 150 ሊትር፣ ከ4 እስከ 5 ሰው 200 ሊትር፣ ከ6 እስከ 7 ሰው 300 ሊትር ታንክ ይበቃል። በሁለት መጠን መካከል ከተጠራጠሩ ትልቁን ይውሰዱ። ምክንያቱ መብራቱ ነው። አብዛኛው የቤት ማሽን 600 ዋት ገደማ ወስዶ 1.8 ኪሎዋት ሙቀት ስለሚሰጥ 200 ሊትር ለማሞቅ 5 ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ በአዲስ አበባ ደግሞ ትንሽ ይረዝማል። በአንጻሩ አንዴ የሞቀ ታንክ መብራት ቢጠፋ በአንድ ቀን የሚቀንሰው 6 ወይም 7 ዲግሪ ብቻ ነው። ማታ መብራት ቢጠፋ ጠዋት ሙቅ ውሃ አለ ማለት ነው፤ በሻወሩ ራስ ላይ የሚገጠመው ፈጣን ማሞቂያ ይህን አይሰጥም።

ግቢ ላለው ቤት ታንኩና ኮምፕሬሰሩ አንድ ላይ የሆነው ይሻላል። ለፎቅ ቤት ግን ታንኩ ውስጥ፣ ኮምፕሬሰሩና ማራገቢያው በረንዳ ላይ የሚሆነው ስፕሊት ይመረጣል።

የማሽኑን ታርጋ ሳያነቡ አይክፈሉ። 220 ቮልትና 50 ኸርዝ መሆን አለበት፤ ከሰሜን አሜሪካ የመጣ የ60 ኸርዝ ማሽን በትራንስፎርመር ቢገናኝም ኮምፕሬሰሩና ማራገቢያው በትክክል አይዞሩም። በማሽኑ ውስጥ እየዞረ ሙቀቱን የሚሸከመውን ጋዝ ዓይነት ይመልከቱ፦ አር 134 ኤ አይቀጣጠልም፤ አር 290 ግን ፕሮፔን ስለሆነ ይቀጣጠላል። አር 290 የያዘውን ከቤት ውጭ፣ ከምድር ቤትና ከፍሳሽ ጉድጓድ አፍ ራቅ አድርገው ያስቀምጡ፤ ከአየር የሚከብድ ጋዝ ስለሆነ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ይጠራቀማል።

ማሽኑ ሲጓጓዝ ቆሞ ይሁን። ከመርካቶ በአይሱዙ ላይ አጋድመው ካመጡት የኮምፕሬሰሩ ዘይት ወደ ቧንቧው ይገባል፤ እንደዚያ ከሆነ 24 ሰዓት ሳይበራ ቆሞ ይደር።

3. ቦታውን ያዘጋጁ

200 ሊትር ማሽን ውሃ ሲሞላ ወደ 300 ኪሎ ይጠጋል። የብሎኬት ግድግዳ ላይ አይሰቀልም። መሬት ላይ ከሆነ 80 በ80 ሳንቲሜትር ስፋት፣ 10 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው የኮንክሪት መቀመጫ ይሥሩለት፤ ከማሽኑ እግር ሥር ወፍራም ጎማ ያድርጉ፣ ቡሎኑን ከዳዶው ጋር በደንብ ያጥብቁ።

ማሽኑ ቀዝቃዛ አየር ይተፋል። የተፋውን መልሶ ከሳበ በየደቂቃው የባሰ ቀዝቃዛ አየር ስለሚገባው ሥራው ይወርዳል። ስለዚህ ከሚተፋበት በኩል ቢያንስ 1 ሜትር፣ ከሚስብበት በኩል 50 ሳንቲሜትር ባዶ ይሁን። ጠባብ የሰርቪስ ክፍል ውስጥ ካስገቡት የክፍሉ ይዘት ከ20 ሜትር ኩብ ማነስ የለበትም፤ ካነሰ አየሩ በቱቦ ወደ ውጭ ይውጣ። ከላይ የቆርቆሮ ጥላ ይበቃዋል፤ በላሜራ ዙሪያውን መዝጋት ግን ማሽኑን ማፈን ነው። የጎረቤት መኝታ ቤት መስኮት ሥር አያስቀምጡት፤ ማራገቢያው ሌሊት ይሰማል።

በክረምት አየሩ እርጥብ ስለሆነ ማሽኑ በቀን ብዙ ሊትር የጤዛ ውሃ ያወጣል። ለእሱ የ20 ሚሊሜትር ቱቦ በየሜትሩ 2 ሳንቲሜትር ቁልቁል እየወረደ ወደ ፍሳሽ ይሂድ። የሴፍቲ ቫልቩን (ግፊት ሲበዛ ውሃ የሚለቀውን) ማፍሰሻ ከዚህ ቱቦ ጋር አያገናኙ።

4. የውሃ መስመር

ብዙ ጥፋት የሚሠራው እዚህ ነው፤ ቀስ ብለው ይሂዱ።

ቀዝቃዛውና ሙቁ ውሃ ከአንድ ምንጭ ይነሱ። በብዙ ቤት የሻወሩ ቀዝቃዛ ውሃ በቀጥታ ከመንገድ መስመር፣ ሙቁ ደግሞ ከሮቶ ይመጣል። ሮቶው ከሻወሩ በ4 ሜትር ከፍ ቢል የሚሰጠው ግፊት 0.4 ባር ብቻ ነው፤ የመንገዱ መስመር ውሃ በሚመጣበት ሌሊት ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ሚክሰሩ ሲከፈት ጠንካራው ቀዝቃዛ ውሃ ሙቁን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ባለቤቱ “ማሽኑ አያሞቅም” ይላል፣ ታንኩ ውስጥ ያለው ግን 55 ዲግሪ ነው። መፍትሔው ሁለቱንም ከሮቶ ማውረድ፣ ወይም ሁለቱንም ከአንድ ግፊት መጨመሪያ ፓምፕ በኋላ መቅዳት ነው።

በቀዝቃዛው መግቢያ ላይ የዕቃዎቹ ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ መዝጊያ ቫልቭ፣ ማጣሪያ፣ ውሃን ወደ ኋላ የማይመልስ ቫልቭ፣ ከዚያ ከታንኩ ጋር የመጣው ሴፍቲ ቫልቭ፣ የማስፋፊያ ገንዳ፣ ታንክ። ከሴፍቲ ቫልቩና ከታንኩ መካከል ምንም የሚዘጋ ነገር አይግባ።

የማይመልሰው ቫልቭ የግድ ነው። ሮቶው ባዶ ሆኖ ሳለ ታችኛው ፎቅ ላይ ቧንቧ ቢከፈት፣ ቫልቩ ከሌለ ታንኩ ውስጥ ያለው ውሃ ወደ ኋላ ይሳባል። ማሽኑ ለመጠባበቂያ የያዘው ሬዚስታንስ በባዶ ታንክ ውስጥ ከበራ ወዲያው ይቃጠላል። ነገር ግን ቫልቩ ስለገባ የሚሞቀው ውሃ መሄጃ ያጣል፦ 200 ሊትር ከ17 ወደ 55 ዲግሪ ሲሞቅ በ2.7 ሊትር ያህል ይጨምራል። የማስፋፊያ ገንዳው ይህን ይቀበላል፤ 12 ሊትር በቂ ነው። ገንዳው ከሌለ ሴፍቲ ቫልቩ በየቀኑ ያንጠባጥባል። ሲያንጠባጥብ አይቶ በመሰኪያ የሚደፍነው ሰው ታንኩን ለፍንዳታ እያዘጋጀ ነው፤ ይህን ማንም እንዲያደርግ አይፍቀዱ። ውሃው ከፓምፕ የሚመጣ ከሆነ የገንዳውን አየር፣ መስመሩ ውሃ ሳይዝ፣ ፓምፑ ከሚነሳበት ግፊት ትንሽ ዝቅ አድርገው ያስተካክሉ።

ለሙቁ መስመር ሙቅ ውሃ የሚችለውን ወፍራሙን ፒፒአር (በሙቀት የሚበየድ የፕላስቲክ ቧንቧ) ይጠቀሙ፤ ለ200 ሊትር ማሽን 25 ሚሊሜትር ይስማማል። የብየዳ ማሽኑ 260 ዲግሪ ሳይደርስ የተበየደ ፒፒአር ከወራት በኋላ መገጣጠሚያው ላይ ያልባል። መስመሩን ከ13 እስከ 19 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ጥቁር የላስቲክ መሸፈኛ ይልበሱት፤ ፀሐይ የሚያገኘውን ክፍል በአሉሚኒየም ቴፕ ይጠቅልሉ፣ አለበለዚያ ተሰነጣጥቆ ይረግፋል።

5. የመብራት መስመር

ኮምፕሬሰሩ 600፣ ሬዚስታንሱ 1500 ዋት ቢሆኑ አንድ ላይ ከ10 አምፔር በታች ነው። ከብሬከር ሳጥኑ ለብቻው የሚወጣ 3 በ2.5 ስኩዌር ሚሊሜትር ገመድ፣ 16 አምፔር ብሬከርና የ30 ሚሊ አምፔር ሊኬጅ ብሬከር (መብራት ከመስመሩ ሲያመልጥ የሚቆርጥ) ይግጠሙ። ሶኬት ላይ በኤክስቴንሽን አይሰኩት።

በከተማዋ ያሉ የድሮ ቤቶች ብዙዎቹ ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርድ የደህንነት መስመር) የላቸውም፤ ሶኬቱ ሦስት ቀዳዳ ቢኖረውም ከጀርባው ሁለት ገመድ ብቻ ይገኛል። ከፍተው ያረጋግጡ። ከሌለ 1.5 ሜትር የመዳብ ዘንግ መሬት ውስጥ አስመትተው መስመር ያስጎትቱ። ኒውትራሉን እንደ ኧርዝ መጠቀም ሰው ይገድላል።

ኮምፕሬሰርን ከመብራቱ መጥፋት ይልቅ የሚጎዳው አመጣጡ ነው። መብራት ጠፍቶ በደቂቃ ውስጥ ሲመለስ በጋዙ ውስጥ ያለው ግፊት ገና አልተመጣጠነም፤ ኮምፕሬሰሩ ያንን ግፊት እየገፋ ለመነሳት ሲታገል ጥቅልሉ ይቃጠላል። ስለዚህ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ የሚያዘገይ፣ ከ190 ቮልት በታችና ከ250 በላይ የሚቆርጥ የቮልቴጅ ፕሮቴክተር ከብሬከሩ ቀጥሎ ያስገቡ።

6. ማስነሳት

ታንኩ ሳይሞላ መብራት አይስጡ። ቀዝቃዛውን ይክፈቱ፣ ከፍ ያለውን የሙቅ ቧንቧ ከፍተው አየሩ ወጥቶ ውሃው ሳይቆራረጥ እስኪወርድ ይጠብቁ። ከዚያ በኮምፕሬሰር ብቻ በሚሠራው ሞድ ያብሩት። ማሽኑ ወዲያው ካልተነሳ አይደናገጡ፤ የራሱን 3 ደቂቃ እየቆጠረ ነው።

ባለሙያው ከመሄዱ በፊት እነዚህን አብረው ይለኩ፦

በክላምፕ ሜትር (ገመዱን አቅፎ አምፔር በሚለካው መሣሪያ) 3 አምፔር አካባቢ መነበብ አለበት። 7 አምፔር ካሳየ የሚሠራው ሬዚስታንሱ ነው፣ ሁለቱም ከበሩ ወደ 10 ይጠጋል።

ከ15 ደቂቃ በኋላ የሚወጣው አየር ከሚገባው በጥቂት ዲግሪ መቀዝቀዝ አለበት፤ በእጅም ይታወቃል።

የ200 ሊትር ታንክ በሰዓት ከ6 እስከ 8 ዲግሪ ሊጨምር ይገባል። 3 ዲግሪ ብቻ ከጨመረ ጋዙ ጎድሏል፣ ወይም ማሽኑ የተፋውን አየር መልሶ እየሳበ ነው። ይህን ሰዓትና ዲግሪ ወረቀት ላይ ጽፈው ማሽኑ ላይ ይለጥፉ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚመጣ ማንኛውም ጥርጣሬ የሚፈታው በዚህ ቁጥር ነው።

7. ሰዓቱንና ዲግሪውን ማስተካከል

በአዲስ አበባ የቀንና የሌሊት ሙቀት በሰፊው ይለያያል፤ በተለይ ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ በጣም ይቀዘቅዛል። ማሽኑ ቀን ሲሠራ ያንኑ ውሃ በትንሽ መብራት ያሞቃል። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት እንዲሠራ ታይመሩን ይሙሉ፤ በሰፈርዎ ቀን ቀን መብራት የሚጠፋ ከሆነ እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ያራዝሙት።

እዚህ ላይ ይጠንቀቁ፦ ማሽኑ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው። ከ4 እስከ 10 ብለው ከሞሉት የሚነሳው ሌሊት 10 ሰዓት ላይ፣ ብርዱ ሲጠና ነው። በማሽኑ ላይ የሚጻፈው ከ10፡00 እስከ 16፡00 ነው። ባትሪ የሌለው ማሽን ደግሞ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱን ይረሳል፤ ከረጅም መቋረጥ በኋላ ማያውን አንዴ ይዩት።

ዲግሪው 55 ይሁን። ከዚያ በላይ በጨመሩ ቁጥር ማሽኑ ለአንድ ዲግሪ 2 በመቶ ያህል ብቃት ያጣል። ከ50 በታችም አያውርዱት፤ ሌጂዮኔላ የሚባለው ሳንባን የሚያጠቃ ባክቴሪያ ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ባለ ውሃ ውስጥ ይራባል። በሳምንት አንድ ቀን 60 ዲግሪ እንዲደርስ ያድርጉ። የ60 ዲግሪ ውሃ ቆዳን በጥቂት ሰከንድ ያቃጥላል፤ ሕፃናትና አረጋውያን ባሉበት ቤት ከሻወሩ በፊት ሙቀቱን የሚመጥን ቴርሞስታቲክ ሚክሰር ይግጠሙ።

ሬዚስታንሱ እንግዳ ሲበዛ ብቻ በእጅ ይብራ። በአንዳንድ ማሽን፣ ውሃው በተወሰነ ሰዓት ውስጥ ካልሞቀ ሬዚስታንሱ በራሱ ይነሳል። ፋብሪካው ያን ሰዓት የሞላው ለባሕር ጠለል አየር ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ክብደት ወደ ሦስት አራተኛ ይወርዳል፤ ማራገቢያው ያንኑ ያህል ቢዞርም የሚያመጣው ሙቀት ያንሳል፣ የማሞቂያው ጊዜም ይረዝማል። የመጠበቂያውን ጊዜ በ2 ሰዓት ያህል ያራዝሙት፤ ካላራዘሙት በየቀኑ ሬዚስታንሱ ሳያውቁት ይበራል። “ገዝቼው የካርድ ወጪዬ አልቀነሰም” ከሚሉ ሰዎች ማሽን ላይ መጀመሪያ የሚታየው ይህ ቦታ ነው።

8. ሲበላሽ

ከማሽኑ ሥር ውሃ ካዩ መቼ እንደሚፈስ ይመልከቱ። ማሽኑ ሲሠራ ብቻ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ጤዛ ነው፤ ቱቦው ተደፍኗል። ውሃው ሲሞቅ ብቻ የሚንጠባጠብ ከሆነ ሴፍቲ ቫልቩ ነው፤ የማስፋፊያ ገንዳው አየር አልቋል። ሌት ተቀን ሳያቋርጥ የሚያልብ ከሆነ መገጣጠሚያ ወይም ታንኩ ራሱ ነው።

ሊኬጅ ብሬከሩ እየወደቀ ካስቸገረ የሬዚስታንሱን ገመድ ነቅለው ይሞክሩ። መውደቁን ካቆመ የተበላሸው ሬዚስታንሱ ነው፤ እስኪቀየር ድረስ በኮምፕሬሰር ብቻ መጠቀም ይቻላል። የከፍተኛ ግፊት ስህተት ካሳየ ዲግሪውን ወደ 50 አውርደው ይዩ። የዝቅተኛ ግፊት ስህተት ካሳየ ደግሞ ጋዝ ከማስሞላት በፊት የአየር መሳቢያውን ያጽዱ። በበጋ የመንገድና የግንባታ አቧራ የአየር መሳቢያውን ቀጫጭን ክንፎች በሁለት ወር ይደፍናል፤ በለስላሳ ብሩሽና ግፊት በሌለው ውሃ ይታጠባል።

ኢናሜል ታንክ ውስጥ ያለው የማግኒዚየም ዘንግ ታንኩን ከዝገት የሚከላከለው ራሱ እየተበላ ነው። በዓመት አንዴ አውጥተው ይዩት፤ ከግማሽ በታች ከቀጠነ ይቀየር።

9. ለክፍል ማሞቂያ

የሐምሌና የነሐሴን ብርድ ለማሸነፍ በውሃ የሚሠራ ራዲያተር መዘርጋት ለአዲስ አበባ አያዋጣም። የሚያሞቅና የሚያቀዘቅዝ ስፕሊት ኤሲ ራሱ ሂት ፓምፕ ነው፤ 20 ካሬ ሜትር ለሚሆን ክፍል 12,000 ቢቲዩ ይበቃል። የሚያቀዘቅዝ ብቻ የሆነም ስለሚሸጥ ሪሞቱ ላይ የፀሐይ ምልክት መኖሩን ያረጋግጡ። አስቀድመው የበሩን ሥርና የመስኮቱን ክፍተት ይድፈኑ። ከሰል ግን በተዘጋ ክፍል ውስጥ፣ ጭሱ ካለቀም በኋላ፣ በካርቦን ሞኖክሳይድ ይገድላል።

10. ጋዝ የሚሞላው ባለሙያ ማወቅ ያለበት

ፍሪጅና ኤሲ የሚጠግን ጥሩ ባለሙያ ይህንን ማሽን መሥራት ይችላል፤ ጌጁ (የጋዝ ግፊት መለኪያው) ግን በአዲስ አበባ ያሳስተዋል። የከተማዋ የአየር ግፊት 0.77 ባር ገደማ ነው። ለምሳሌ አር 134 ኤ በ0 ዲግሪ በባሕር ጠለል ወደ 28 ፒኤስአይ የሚያሳየው ጌጅ እዚህ 31 ገደማ ያሳያል። ሰንጠረዡን እንዳለ የሚያነብ ሰው ጋዙ ከትክክለኛው በ2 ዲግሪ ያህል የሞቀ ይመስለዋል። ስለዚህ በጌጅ ሳይሆን በሚዛን፣ ታርጋው ላይ የተጻፈውን ግራም ልክ ይሙላ።

ቫኪዩም ሲስብም (ከመስመሩ ውስጥ አየሩን ሲያስወጣ) እንዲሁ ነው። ጌጁ እዚህ ከ23 ኢንች አያልፍም፤ 30 እስኪደርስ የሚጠብቅ ሰው ፓምፑ የተበላሸ ይመስለዋል፣ ወይም ተሰላችቶ ሳይጨርስ ያቆመዋል። በማይክሮን ጌጅ 500 ማይክሮን ደርሶ፣ ፓምፑ ከተዘጋ በኋላም ለ10 ደቂቃ ብዙ ሳይወጣ መቆየቱን ያረጋግጥ። በፍጥነት ከወጣ ቀዳዳ አለ፤ በናይትሮጅን ተፈትሾ ሳይደፈን ጋዝ አይጨመርበት። አር 290 ያለበትን ማሽን ደግሞ ጋዙ ከቤት ውጭ ወጥቶ መስመሩ በናይትሮጅን ሳይታጠብ በእሳት አይበየድም።